ታብሌትን ከቤት ስቱዲዮ ጋር በአንድ ገመድ ማገናኘት

ታብሌታችሁ ላይ ጥሩ የኪቦርድ ድምፅ አላችሁ እንበል። ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት መጀመሪያ የሚታሰበው የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የሠራሁት እንደዚያ ነበር፤ ከአይፓዱ በጃክ ወደ ሳውንድ ካርዱ (ማይክና መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን)። መቅዳቱን ይቀዳል። ግን ድምፁ ታብሌቱ ውስጥ ቁጥር ነው። በጃኩ ሲወጣ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል፣ ሳውንድ ካርዱ ደግሞ መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በዚህ መሃል "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይገባል። ቻርጀር ከተሰካ ደግሞ "እምምም" የሚል ይጨመራል። አዳዲሶቹ አይፓዶች እንደውም ቀዳዳውም የላቸውም።

ቁጥሩን በቁጥርነቱ ማሻገር ይቻላል። እኔ የምጠቀመው አይፓድ እና ማክ ስለሆነ በደንብ የማውቀውን እሱን ልንገራችሁ። ሌላ ዕቃ ላላችሁ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

1. ገመዱ

አይፓዱን ቻርጅ የምታደርጉበት ገመድ ይበቃል። ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ግን ከአይፓዱ ጋር የመጣውን ወይም ፎቶ ወደ ኮምፒውተር አሻግራችሁበት የምታውቁትን ገመድ ተጠቀሙ። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ገመዶች ኃይል ብቻ ነው የሚያስተላልፉት፤ የዳታው ሽቦ ውስጣቸው የለም። ቻርጅ ስላደረገ ብቻ ደህና ነው ብላችሁ ግማሽ ቀን እንዳታባክኑ።

ሰክታችሁ አይፓዱ ላይ "ትረስት" የሚለውን ንኩ።

2. ማክ ላይ ማብራት

ማኩ ላይ ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። አብሮት የመጣ ነው፣ አይወርድም። በግራ በኩል የአይፓዳችሁ ስም ይታያል፤ "ኢኔብል" የሚለውን ተጫኑ። አለቀ። ይህ ነገር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ማክ እና አይፓድ ካላችሁ ይሠራል። እኔ ለዓመታት ሳላውቀው መኖሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር አትደንግጡ፤ ከዚህ በኋላ የአይፓዱ ድምፅ በራሱ ስፒከር አይሰማም። ወደ ማኩ ሄዷል ማለት ነው።

3. ሁለቱን ማዋሃድ (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አብዛኞቹ የመቅጃ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ከአንድ ዕቃ ብቻ ነው ድምፅ የሚቀበሉት። እናንተ ግን ማይኩን ከሳውንድ ካርዱ፣ ኪቦርዱን ደግሞ ከአይፓዱ ትፈልጋላችሁ። መፍትሔው ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ማሳየት ነው። እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ከታች የመደመር ምልክቷን ተጫኑና "አግሪጌት ዲቫይስ" ፍጠሩ። ከዚያ መጀመሪያ ሳውንድ ካርዱን፣ ቀጥሎ አይፓዱን ምረጡ። ሳውንድ ካርዳችሁ ሁለት መግቢያ ካለው፣ ማይኮቹ 1 እና 2፣ አይፓዱ 3 እና 4 ላይ ይመጣሉ።

ድምፅ ይሰማል። የድምፅ መጠን የሚያሳየው ሜትር ይንቀሳቀሳል። ያለቀ ይመስላል። አላለቀም።

እያንዳንዱ ዲጂታል ዕቃ የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱ 48 ኪሎኸርዝ ነው ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ድምፁን 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ግን ሁለት ሰዓቶች መቼም እኩል አይሄዱም። ሳውንድ ካርዱ 48,000 ሲቆጥር አይፓዱ 48,002 ቆጠረ እንበል። በ10 ደቂቃ ውስጥ 1,200 ልኬት ይለያያሉ። ትርፉ መግቢያ ስለሌለው ይጣላል። በተጣለበት ቦታ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ይቀራል።

ይህንን የተማርኩት በጣም በሚያሳዝን መንገድ ነው። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ከጎንደር ለዘመድ ለቅሶ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በሰው በሰው ለምነን አንድ ከሰዓት ቤቴ መጣልን። ጓደኛዬ አይፓዱ ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ፣ እሱ ማሲንቆውን እየመታ፣ 40 ደቂቃ ያህል ቀዳን። ሜትሮኖም የለም፣ ልክ የለም፤ አንዱ ሌላውን እያደመጠ የሚሄድ ትዝታ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ዝም ብለን ቀረን። በማግስቱ ብቻዬን ሳዳምጠው ኪቦርዱ ሙሉ በሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሲቀዳ ማሲንቆው ሸፍኖት ስለነበር አልሰማነውም። የማሲንቆው ትራክ ንጹሕ ነው፤ ግን ያለ ኪቦርዱ ንግግሩ ግማሽ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ተመልሷል። ጓደኛዬ ከላይ ደርቦ ሊጫወት ብዙ ሞከረ፤ ያንን ቀን ሊመልሰው አልቻለም። እስካሁን ፋይሉን አላጠፋሁትም።

ማድረግ የነበረብኝ ሁለት ነገር ነው። "ክሎክ ሶርስ" በሚለው ቦታ ሳውንድ ካርዱን መምረጥ፤ ከዚያ ከአይፓዱ ስም ጎን "ድሪፍት ኮሬክሽን" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ። ይኸው ነው። አንዱ ሰዓት ይመራል፣ ሌላው እየተስተካከለ ይከተላል። ሳውንድ ካርዱ ላይ ምልክቱን አታድርጉ፤ እሱ መሪው ነው።

ከመቅዳታችሁ በፊት አይፓዱ ላይ አንድ ረጅም ድምፅ ያዙ። ኦርጋን ወይም ስትሪንግ ይሁን፣ ፒያኖ አይሁን። አምስት ደቂቃ ቅዱትና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ጠቅታ ካለ በረጅም ድምፅ ላይ መደበቂያ የለውም። እኔ አሁን ይህንን ሳላደርግ ማንንም እንግዳ ማይክ ፊት አላስቀምጥም።

4. ቁጥሩ አንድ ይሁን

የእኔ አይፓድ በዚህ መንገድ ሲገናኝ በ48 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሳውንድ ካርዱንም፣ መቅጃ ፕሮግራማችሁ (ሎጂክ ወይም ሪፐር) ውስጥ ያለውን ፕሮጀክትም 48 ላይ አድርጉት። በ48 የተቀዳ ነገር በ44.1 ሲነበብ ይንቀራፈፋል፤ የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይሆናል፣ ቅኝቱም ወደ አንድ ተኩል ሴሚቶን ይወርዳል። ለዘፋኝ ይህ ሌላ ዘፈን ነው።

ከዚያ መቅጃ ፕሮግራማችሁ ውስጥ የፈጠራችሁትን የተዋሃደ ዕቃ ምረጡ፣ ስቴሪዮ ትራክ ክፈቱ፣ መግቢያውን 3 እና 4 አድርጉ። ስትቀዱ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን የልኬት ብዛት) 128 ላይ አድርጉት፤ የበፈሩ መዘግየት ከ3 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ጣት አይሰማውም። ስትሚክሱ ወደ 1024 ከፍ አድርጉት። የድምፁ ጫፍ ከ-12 ዴሲቤል በታች ይቆይ፤ በዲጂታል ዜሮን ያለፈ ድምፅ አይመለስም። አይፓዱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ እንደማትረሱ አምናለሁ።

ብሉቱዝስ? ለመቅዳት አይሆንም። መዘግየቱ ብዙ ነው፣ ድምፁንም ይጨምቀዋል። ከሥራ በኋላ ለማዳመጥ ይሁን።

ሌላ ዕቃ ላላችሁ

ዊንዶውስ ላይ ይህ የ"ኢኔብል" መንገድ የለም። አስተማማኙ ነገር ኤስፒዲፍ የሚባል ዲጂታል መውጫና መግቢያ ያላቸው ሁለት ሳውንድ ካርዶች ናቸው፤ አንዱ ከታብሌቱ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዛል። በመሃላቸው 75 ኦም ገመድ ይዘረጋል። ሕጉ ያው ነው፤ ላኪው በራሱ ሰዓት ይሠራል፣ ተቀባዩ ሰዓቱን "ኤክስተርናል" ላይ አድርጎ ይከተላል። ሁለቱም "ኢንተርናል" ከሆኑ ያችው ጠቅታ ትመጣለች።

አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይቀበላል። ስትገዙ "ክላስ ኮምፕላያንት" የሆነውን ጠይቁ፤ ያለ ድራይቨር የሚሠራ ማለት ነው። የድሮው መሰኪያ (ላይትኒንግ) ያለው አይፓድ ከሆነ ደግሞ ሳውንድ ካርዱን ለመሰካት የካሜራ አዳፕተር ያስፈልገዋል፤ እሱም ጎኑ ላይ የቻርጀር ቀዳዳ ያለው ይሁን። ታብሌቱ ሳውንድ ካርዱ ብዙ ኃይል ይወስዳል ካላችሁ በመሃል የራሱ ቻርጀር ያለው ዩኤስቢ ሃብ አስገቡ።

ላፕቶፕ ካላችሁና ሳውንድ ካርዱ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ከሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ሁሉም በባትሪ ይቀጥላል። የእኔ ንጹሕ ቅጂዎች ብዙዎቹ መብራት በጠፋበት ማታ የተሠሩ ናቸው። ፍሪጁም የጎረቤቱም ቴሌቪዥን ዝም ይላል።