ከባዶ ኪስ ተነስቶ የንግድ ባለቤት መሆን፦ ወረቱን ሳይበሉ ማሳደግ

ድሃ ቤት አድጎ ንግድ የሚጀምር ሰው ችግሩ የወረት፣ ማለትም የመነሻ ካፒታል፣ ማነስ ብቻ አይደለም። ቢወድቅ የሚያነሳው የለም፤ ገና ሳያተርፍም እጁን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። «ያለህን ሁሉ አውጥተህ ድፈር» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛ ዕድል ካለው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው አንድ መጥፎ ወር ሁሉን ነገር ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልትገቡበት ባሰባችሁት ሥራ ቢያንስ ለስድስት ወር ተቀጥራችሁ ሥሩ። ሙያውን መልመድ ግማሹ ብቻ ነው። ዕቃው ከማን እንደሚገዛ፣ አቅራቢው ስንት ቀን እንደሚታገስ፣ የትኛው ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀር፣ ገበያ የሚቀዘቅዘው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት ደንበኛ ክፍያ እንደሚያጓትት በደብተር ጻፉ። ስትለቁ በሰላም ልቀቁ፤ የቀድሞ አሠሪ የሚተርፈውን ሥራ የሚያስተላልፈው ለሚያምነው ሰው ነው።

ደሞዙን ከመተዋችሁ በፊት የሦስት ወር የቤት ወጪ ለብቻው፣ የመነሻው ገንዘብ ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለቱ አንድ ቦታ ከተቀመጡ የሚቀድመው ሆድ ነው። ከተቻለ ንግዱን ከቅጥሩ ጎን ለጎን ጀምሩና፣ አራት ወር በተከታታይ የደሞዛችሁን ሦስት አራተኛ ሲያስገኝ ቅጥሩን ተዉት።

ለመጀመሪያ የሚመረጠው ሥራ ገንዘቡ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የሚመለስበት፣ ደንበኛው ደጋግሞ የሚመጣበት፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። ጥገና፣ ጽዳት፣ ስፌት፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠናት የመሰሉ የአገልግሎት ሥራዎች ከዕቃ ንግድ የሚሻሉት ቀብድ ስለሚቀበሉ ነው። ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን መግዣ መሸፈን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ኪሳራው የእናንተ ይሆናል። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በሁለት መስመር ጽፋችሁ አስፈርሙ። መሣሪያ መጀመሪያ ተከራዩ፤ የስምንት ወር ኪራይ የመግዣውን ዋጋ የሚያህል ከሆነ ግን ያገለገለ ፈልጋችሁ ግዙ፣ መለዋወጫው እንደማይጠፋ ካረጋገጣችሁ በኋላ።

ሒሳቡ

ብዙ ትንንሽ ንግድ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። አንድ ዕቃ በ100 ትሸጣላችሁ እንበል። ጥሬ ዕቃው 60፣ ማጓጓዣና ማሸጊያው 10፣ የሚበላሸው ሲካፈል 5፤ ድምሩ 75 ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ 25 ይተርፋል። የወር ቋሚ ወጪ፣ ማለትም ኪራይ፣ መብራትና ስልክ፣ 6,000 ይሁን። የራሳችሁ ደሞዝ 4,000 ይሁን። ጠቅላላው 10,000 ለ25 ሲካፈል 400 ይመጣል። በወር 26 ቀን ከተሠራ በቀን ወደ 16 ዕቃ መሸጥ ግድ ነው።

አካባቢው በቀን 16 የማይገዛ ከሆነ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ማወቅ ይሻላል። የራስን ደሞዝ ከሒሳቡ ማውጣት ደግሞ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፦ 240 ዕቃ ሲሸጥ «አልከሰርኩም» ያሰኛል፣ ባለቤቱ ግን ከወረቱ ላይ እየቆነጠረ ይበላል።

ደንበኛ «ትንሽ ቀንስ» ሲል ይህንኑ ቁጥር አስታውሱ። ከ100 ወደ 90 ብትወርዱ የሚተርፈው ከ25 ወደ 15 ይወርዳል፤ ያንኑ 10,000 ለማግኘት 667 ዕቃ፣ በቀን 26 ገደማ መሸጥ ያስፈልጋል። ዋጋው በአሥር በመቶ ወረደ፣ ሥራው በሁለት ሦስተኛ ጨመረ። ከዋጋ ይልቅ በፍጥነት፣ ቀጠሮ በማክበር ወይም ለተበላሸው ኃላፊነት በመውሰድ መወዳደር ይረክሳል።

የሽያጭ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ከእያንዳንዱ 100 ውስጥ 75ቱ በዚያው ምሽት ወደ ዕቃ መግዣው ኪስ ይመለስ፤ 25ቱ ለቋሚ ወጪና ለደሞዝ ይቀመጥ። ትርፍ የሚባለው በወር ከ400 ዕቃ በላይ ሲሸጥ ከእያንዳንዱ የሚቀረው 25 ነው፤ ከእሱ ግማሹን ወረት ላይ ጨምሩ፣ የቀረውን ለክፉ ቀን አኑሩ። ደሞዝ በተወሰነ ቀን ብቻ ይውጣ። ወረት የሚያልቀው በሌባ ሳይሆን ለምሳ፣ ለታክሲ፣ ለካርድ እየተባለ ከመሳቢያው በሚወጣ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ነው። ማታ ማታ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥራችሁ ከተጻፈው ሽያጭ፣ ወጪና ዱቤ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ በየቀኑ ከተደጋገመ ያልተጻፈ ወጪ አለ ማለት ነው።

ሥራው ሲጨምር ገንዘቡ የሚጠፋው

ይህ ነጋዴውን ግራ ያጋባዋል፤ ሽያጩ አድጎ እጁ ባዶ ይሆናል። በቀን 16 ዕቃ በ75 ሲገዛ 1,200 ነው። ዕቃው ለመሸጥ 10 ቀን ከቆየ 12,000 ታስሯል። በላዩ የ20 ቀን ዱቤ ከሰጣችሁ ገንዘቡ የሚመለሰው በ30ኛው ቀን ነው፣ የታሰረው 36,000 ይሆናል። አቅራቢው 10 ቀን ቢታገሳችሁ ግን ወደ 24,000 ይወርዳል። ስለዚህ ከአቅራቢ ጋር ስትደራደሩ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ ተጨማሪ ቀን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

አንድ ትልቅ ድርጅት 1,000 ዕቃ አዞ «በ60 ቀን እከፍላለሁ» ቢል በወረቀት 25,000 ይተርፋል፤ በእጅ ግን 75,000 ለሁለት ወር ይቆለፋል፣ ኪራዩ አይታገስም። ትእዛዙ በአራት ተከፍሎ እንዲሄድና እያንዳንዱ ሳይከፈል ቀጣዩ እንዳይወጣ ተስማሙ። እምቢ ካሉ ይቅርባችሁ፤ ያማል፣ ግን ይቅርባችሁ።

ለሰፈር ደንበኛ ዱቤ ስትሰጡም ገደብ ይኑረው፦ ለአንድ ሰው ከወረቱ አምስት በመቶ፣ ለሁሉም ሲደመር ሃያ በመቶ አይለፍ። 75 የወጣበት አንድ ዕቃ ሳይከፈል ቢቀር ያንን ለመተካት ሌላ ሦስት ዕቃ መሸጥ አለበት። ይሉኝታ ለሚይዘው ሰው አንዲት አጭር መልስ አዘጋጅቶ መያዝ ይረዳል፦ «የቀደመው ሲዘጋ አዲሱ ይወጣል»። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ማንንም አያስቀይምም።

የቤተሰብ ነገርም እንዲሁ ነው። መርዳት ግዴታ ከሆነ ከንግዱ ሳይሆን ከደሞዛችሁ፣ መጠኑ አስቀድሞ ተወስኖ በየወሩ ይሰጥ። ዘመድ ዕቃ ከወሰደ በመግዣው ዋጋ ከደሞዛችሁ ላይ ይቀነስ። ዘመድ ስትቀጥሩ ሥራውና ክፍያው ይጻፍ።

ብድርና ሠራተኛ

ብድር የሚወሰደው ደንበኛ ኖሮ ዕቃ በማጣት እየመለሳችሁ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለቀለብ ወይም ለአሮጌ ዕዳ አይወሰድም። የወለዱን አቆጣጠር ጠይቁ። 12,000 ተበድራችሁ በ12 ወር 13,200 ብትመልሱ፣ በወር 1,100 ማለት ነው፣ «አሥር በመቶ» ይባላል። ነገር ግን ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ወለዱ በመጀመሪያው 12,000 ላይ ስለሚታሰብ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። በሳምንት አሥር በመቶ የሚጠይቅ አበዳሪ በዓመት ከ500 በመቶ በላይ እየወሰደ ነው። ለዕቃ አጭር ብድር፣ ለመሣሪያ ረጅም ብድር፤ ይህን መገልበጥ ያንቃል። ደረሰኝና ደብተር ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጡ፣ ፈቃድና ግብር የሚጠይቀውንም ቀድማችሁ እወቁ፤ አበዳሪ በኋላ የሚያየው ይህን ነው።

የመጀመሪያውን ሠራተኛ ስትቀጥሩ የሚለካ ሥራ ስጡት፣ ግዢውንና ገንዘቡን እናንተ ያዙ። ሦስት ወር ሲሞላው ሳታስታውቁ ለአንድ ሳምንት ራቁ። ስትመለሱ ጥሬ ገንዘቡን፣ የቀረውን ዕቃና የዱቤ መዝገቡን ቆጥራችሁ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ከተስማማ የዕለት ሽያጩን ለእሱ አስረክቡና ጊዜያችሁን አዲስ ደንበኛና የተሻለ አቅራቢ ፍለጋ ላይ አውሉት፤ ካልተስማማ መጀመሪያ የሚስተካከለው አመዘጋገቡ ነው፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ይታያል።