ዕድሜ ስታጣሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

በቴሌግራም ለምትሸጡ፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ጌም ቤት ለከፈታችሁና ለእነሱ መተግበሪያ ለምትሠሩ የጎንደር ወጣቶች ነው።

ከሁሉ የከፋው «የፋይዳ ካርድህን ፎቶ አንሥተህ ላክ» ማለት ነው። እባካችሁ ይቅር! ማወቅ የፈለጋችሁት ደንበኛው 18 ዓመት መሙላቱን ብቻ ነው፤ የምትቀበሉት ግን ስሙን፣ መልኩን፣ የትውልድ ቀኑንና ቁጥሩን ነው። ቻቱን ብታጠፉትም እንኳ ወደ ሱቁ ኮምፒዩተር የወረደው ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ፣ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚለው ፎልደር ተቀምጦ ይቆያል፤ ነገ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይከፍተዋል። ይህን ሁሉ ሰብስባችሁም ዕድሜውን አላረጋገጣችሁም፤ የ15 ዓመት ልጅ የወንድሙን ካርድ ፎቶ ቢልክ በምን ታውቃላችሁ? ሰውዬው ፊት ለፊታችሁ ከቆመ ካርዱን ከፊቱ ጋር አስተያይታችሁ መልሱለት፤ ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም። በኢንተርኔት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ በስልኩ በሚደርሰው ኮድ በፋይዳ በኩል ይግባ፤ እናንተ ዘንድ የሚቀረው «ሞልቷል» የሚለው ውጤትና የተጣራበት ቀን ብቻ ይሁን። ያንን ኮድ ግን ተቀብላችሁ አታስገቡለት።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ገና 16 ቢሞላው ነው። ፕሮግራሙ 2002ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ካነበበው ግን ከ22 እስከ 24 ይለውና ያሳልፈዋል። በተቃራኒው በፈረንጅ የተጻፈውን እንደ ሐበሻ ካነበበው አዋቂውን ልጅ ያደርገዋል። ቀን በሚሞላበት ሳጥን ሁሉ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ሁሉም ላይ 8 መደመርም ስህተት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ወር መምረጫው 12 ብቻ ከሆነ ደግሞ በጳጉሜን የተወለደ ሰው መመዝገብ አይችልም።

የፋይዳ ቁጥሩን ሃሽ አድርጎ (በቀመር ወደማይነበብ የፊደልና የቁጥር ድርድር ቀይሮ) «አሁን ማንነቱ አይታወቅም» ማለትም ያሳስታል። ቁጥሩ 12 አኃዝ ነው፤ ቢበዛ አንድ ሺህ ቢሊዮን አማራጭ አለው፤ ሁሉንም ኤስኤችኤ 256 በተባለው የሃሽ ቀመር እየሞከሩ ማመሳከር ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደንበኛን ለይቶ ለማስታወስ ለእናንተ አገልግሎት ብቻ የሚሆን በዘፈቀደ የወጣ መለያ ስጡት። የግድ ቁጥሩን ማሳየት ካለበትም ለዚህ የተዘጋጀው ባለ 16 አኃዙ ተለዋጭ ቁጥር አለ።

የትውልድ ቀኑን ዳታቤዝ ውስጥ ሳታስቀምጡ የሰርቨሩ ሎግ (የሥራ መዝገብ ፋይሉ) ላይ ሙሉውን መጻፍም ያው ማስቀመጥ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለሁለቱም ይሠራል።

ካርድ ላኪዎችም ቁጥሩን በስልኩ ብዕር ስታጠቁሩ ተጠንቀቁ፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ የፎቶው ብርሃን ሲጨመር ከሥሩ ያለው ይነበባል። ኪውአር ኮዱንም አብራችሁ ሸፍኑ፤ ጽሑፉን ሸፍኖ እሱን ክፍት መተው ዋናውን መስጠት ነው።