ከቃሊቲ ተነስቶ ቢሾፍቱ ዓሣ ለማጥመድ፦ የቀንና የሰዓት አመራረጥ
ምጽዋ ላይ ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን ሙላትና ጉድለት የላቸውም፤ እዚህ የሚታየው ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ስለሚናወጥ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያጥምዱ፤ ከቃሊቲ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ነው እንግዲህ።

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በዓይኑ አይቶ ስለሚበላ ብርሃን ይፈልጋል። መንጠቆው ትንሽ፣ ክሩ ቀጭን ይሁን። ትሉ ከመንጠቆው ረዝሞ ከተንጠለጠለ ጫፏን ቆርጦ ይሄዳል። አምባዛ ካሰኘዎት ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ይሻላል።

ከኅዳር እስከ ጥር ይጠንቀቁ። በጠራ ውርጫም ሌሊት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ ኦክስጅን አልባው የሥር ውሃ ይወጣል፣ ዓሣው ይታፈናል። አፉን ከውሃው በላይ እያወጣ ሲያዛጋ ካዩ ክርዎን ይጠቅልሉ፤ ሞቶ የተንሳፈፈውንም አይልቀሙ።