ስፖርት መኪና ተሳቢ ሲጎትት፦ ቸርችል ዳገት ያስተማረኝ

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች። ተሳቢው ብየዳ ቤት ከላሜራና ከአንግል ብረት የተሠራ፣ ባለ ሁለት ጎማ ነው። ሲሞላ 300 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የሠርግ ስፒከርና ጄኔሬተር እጭንበታለሁ። «ፒክአፕ አትገዛም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ብሩን ይስጠኛ!

ከሁሉ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ብዙ ስፖርት መኪና ጭራሽ እንዲጎትት አልተፈቀደለትም። ከተፈቀደም የኪሎው ገደብ ተጽፏል። ተሳቢው የሚታሰርበት ጋንቾ ደግሞ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ፓራውልት (የኋላ መከላከያ) ላይ አይበየድ።

ተሳቢው ጅራቱን ይመታል

ቦሌ መንገድ ላይ ፍጥነቴ 60 ሲጠጋ ተሳቢው ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። እኔ ጎማውን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የጭነቱ አቀማመጥ ነበር። ጄኔሬተሩን ለማውረድ እንዲመቸኝ ከአክሱ (ሁለቱን ጎማ ከሚያገናኘው ብረት) ኋላ አስቀምጬዋለሁ።

ስታዲየም አጠገብ ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ልጅ አገኘሁ። «ማሙሽ፣ ይሄን መዝንልኝ» ስለው የተሳቢውን አፍንጫ፣ ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ጫፍ፣ አየና «ጋሼ፣ እሱም ዳይት ላይ ነው?» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ጣውላ ደርድረን አፍንጫውን በጋንቾው ቁመት አሳረፍነው። 6 ኪሎ! ጄኔሬተሩን ከአክሱ ትንሽ ወደ ፊት አመጣሁት። 28 ሆነ። የጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ አፍንጫው ላይ ካረፈ ጥሩ ነው፤ ጋንቾው ከሚችለው ግን አይለፍ።

መንገድ ላይ ግራ ቀኝ ማለት ከጀመረባችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን በድንገት አትርገጡ። ነዳጅ ሰጥቼ አመልጣለሁ ማለትም አይሠራም።

ዳገት ላይ የፊት ጎማ በባዶ ይዞራል፣ የተቃጠለ ይሸታል

ቸርችልን ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስትሉ የሚመጣ ነው፤ ካፊያ ካለ ይብሳል። ሴሊካን እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሳት የፊት ጎማ ነው። ኋላዋ ሲከብዳት አፍንጫዋ ይቀልና ጎማው አስፋልቱን መያዝ ያቅተዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የኋላ ሻንጣውን ባዶ አድርጉ፣ ረዳታችሁን ፊት አስቀምጡ፣ ነዳጅ በስሱ ስጡ።

ሽታው የፍሪሲዮን ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ያንን ለማካካስ ሞተሩን አስጩኸን ፍሪሲዮኑን በግማሽ እንይዛለን፤ ዲስኩ የሚያልቀው በዚህ ነው። ቆማችሁ ስትጠብቁ በእጅ ፍሬን ያዙ። ከፊት ክፍተት ጠብቃችሁ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ክፍተቱን ሚኒባስ ይገባበታል፤ እንደገና ጠብቁ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ዲስኩ አልቋል፣ ይቀየር።

አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ቆሜ ፍሪሲዮኑ እስኪቀዘቅዝ ስጠብቅ የሴባስቶፖልን፣ የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ፣ ምስል አየሁ። ዋናውን፣ 7 ቶን ገደማውን፣ ሰዎች ናቸው መቅደላ ድረስ የጎተቱት። እኔ በ300 ኪሎ።

ሙቀት ይጨምራል

ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ካረጀ ዳገት ላይ ውሃው ገንፍሎ ይወጣል። ሰው ራዲያተር ያስጠርባል፣ ቴርሞስታት ያወልቃል፤ ክዳኑን የሚያይ የለም። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ትኩስ ሆኖ ግን እንዳትከፍቱ!

ፍሬን ስትረግጡ የተሳቢው ፍሬቻ አብሮ ከበራ የማሳው (የኔጋቲቩ) ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል፤ አጽዱና በብሎን አጥብቁ። ስትቆሙ የተሳቢውን ጎማዎች መሃል ዳሱ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ግራሶ ይፈልጋል፣ ወይም አልቋል።

ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ይገፋል

የኔ ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም፤ ሁሉንም የምትይዘው መኪናዋ ናት። በፎሌ (ማርሽ ሳታስገቡ) ከለቀቃችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ሳልጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፤ እስከ ታች በዚያው ነኝ። ኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባ ይነፋል። ይንፋ።