ፖሊዮን ከፍሳሽ ውስጥ ማደን፦ ከማንሆል እስከ ላብራቶሪ

እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ እስራኤል ውስጥ፣ ራሃትና ቤርሼባ አካባቢ፣ ከፍሳሽ በተወሰደ ናሙና ላይ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ልምሻ የያዘው ሰው ግን አንድም አልነበረም። ልጆቹ በመርፌ የሚሰጠውን ክትባት ወስደው ስለነበር እግራቸው ተርፏል፤ ቫይረሱ ግን አንጀታቸው ውስጥ እየተራባ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። ካልተከተቡትም ቢሆን ቫይረሱ ከያዛቸው ከ200 ገደማ አንዱ ነው ሽባ የሚሆነው። ሌሎቹ ምንም ሳይመስላቸው ለሳምንታት ቫይረሱን በሰገራ ያወጣሉ። ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ ሕመምተኛ መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ይህ ከፍሳሽ ናሙና ወስዶ ቫይረስ የመፈለግ መመሪያ በጤና ሥራ ላይ ላላችሁና ለተማሪዎች ነው። ቤት የሚሞከር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ሰው ሁሉ ስለ ማሽኑ ያወራል እንጂ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100,000 እስከ 300,000 ሰው ፍሳሹ የሚገናኝበትን ቦታ ይመክራል። ሕዝቡ ከዚህ በጣም ከበዛ ቫይረሱ ይቀጥናል። የቱቦ መስመር ባለበት ከተማ ጥሩው ቦታ የማጣሪያ ጣቢያው መግቢያ ነው፣ ፍሳሹ ምንም ሳይጣራ። አዲስ አበባ ላይ የቃሊቲን ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ማሰብ ይቻላል፤ ግን ብዙው ቤት የጉድጓድ ሽንት ቤት ስለሚጠቀም ቃሊቲ የሚነግራችሁ ከመስመሩ ጋር ስለተገናኙት ሰዎች ብቻ ነው፣ ክትባት ያመለጣቸው ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኙት መስመሩ ያልደረሰበት ሰፈር ነው። እዚያ የየሰፈሩ ቦይ የሚገናኝበትን ቦታ በእግር ሄዳችሁ ፈልጉ። ከላይ የቆዳ ፋብሪካ ካለ ተዉት፤ ኬሚካሉ ላብራቶሪ ውስጥ ቫይረሱ እንዲያድግባቸው የሚዘጋጁትን ሴሎች ይገድላል። ቦቴ መኪና የሚደፋበትም አይሆንም፤ ከየት ሰፈር፣ ከስንት ወር በፊት የተጠራቀመ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሰዓቱ ማለዳ ነው፣ ሰው ተነስቶ ሽንት ቤት የሚሄድበት። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ዝናብ ከጣለ መዝግቡ።

ጓንት፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ቦቲ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ማንሆል ውስጥም አትግቡ፤ ጭንቅላት ማስገባትም አይቻልም፣ ጋዙ ይገድላል። በገመድ የታሰረ ባልዲ ጣሉና በዚያው ፍሳሽ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከዚያ አረፋውንም ከታች የተኛውንም ዝቃጭ ትታችሁ ከመሃል፣ ከሚፈሰው ላይ ቅዱ። አንድ ሊትር ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይረጥብ በፊት ጻፉ፣ በኋላ እስክሪብቶው አይዝላችሁም። ባልዲውን ስትጨርሱ በበረኪና እጠቡት፤ ግን በደንብ ሳታለቀልቁ ለሚቀጥለው ናሙና ካወጣችሁት የቀረው በረኪና ቫይረሱን ይጨርሰዋል፣ እናንተም «ምንም የለም» ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

ጠርሙሱን በማያፈስ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከአይስ ፓክ ጋር ሳጥን ውስጥ አቁሙት። ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ይህን ሳጥን በፍጹም ለክትባት አትጠቀሙበት። ቀለም ቀቡት፣ ጻፉበት፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ብቻ አይቀላቀል።

ላብራቶሪ ሲደርስ ግማሹ ይቀመጣል፣ ግማሽ ሊትሩ ይሠራበታል። በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ዝቃጩን በሚለይ ማሽን) ይዞርና ፈሳሹ ከዴክስትራን፣ ከፖሊኢታይሊን ግላይኮልና ከጨው ጋር በደንብ ተንጦ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ስታዩት ለሁለት ተከፍሏል፤ ላዩ ብዙ፣ ታቹ ስስ። የሚፈለገው ያ ስሱ ከታች ያለውና ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ነው። ግማሽ ሊትር የነበረው ወደ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወርዳል። ባክቴሪያውን ክሎሮፎርም ይጨርሰዋል፣ ከዚያ የቀረው ሴሎች ላይ ይደረጋል፦ አርዲ በሚባሉት የሰው ሴሎችና ኤል20ቢ በሚባሉት። ኤል20ቢ የሰው የፖሊዮ መቀበያ የተጨመረባቸው የአይጥ ሴሎች ናቸው፤ በአብዛኛው የሚያድግባቸው ፖሊዮ ነው። ቫይረስ ካለ ሴሎቹ ክብ እየሆኑ ከጠርሙሱ ይላቀቃሉ። አምስት ቀን ይታያል፣ ወደ አዲስ ሴል ይዛወርና ሌላ አምስት ቀን። ቀጥሎ የዱር (በተፈጥሮ የሚዛመተው) ይሁን የክትባት ዝርያ (በአፍ በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ) በፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ ይለያል። እኛ አገር የፖሊዮ ላብራቶሪው ያለው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ውጤቱ ሲመጣ አትቸኩሉ። በአፍ የሚሰጥ ክትባት በተዳረሰበት ሰሞን የክትባቱ ዝርያ ቢገኝ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ እንዲያውም ናሙና አወሳሰዳችሁ እንደሚሠራ ይናገራል። «አልተገኘም» ሲባል ግን ጠርጥሩ። ጤነኛ የናሙና ቦታ ከናሙናዎቹ ቢያንስ በግማሹ ፖሊዮ ያልሆኑትን ጨምሮ ኢንትሮቫይረስ (ፖሊዮም ያለበት የአንጀት ቫይረሶች ወገን) ሊሰጥ ይገባል። ወራት አልፈው ይህ ካልሆነ ችግሩ ቦታው ወይም ጉዞው ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ኮሮናን የምትከታተሉ ከሆነ ደግሞ አለ የለም ብቻ አይበቃም፣ መጠኑ ያስፈልጋል። ብዙዎች የኮሮናውን ቁጥር የሚያነጻጽሩት በበርበሬ ተክል ላይ ከሚገኝ ቫይረስ ጋር ነው። ሰው ከምግብ ጋር ይበላዋል፣ በሰገራ ይወጣል፤ የሰው ቆሻሻ ምን ያህል እንዳለ ይጠቁማል። እኛ ጋ ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ያለ አይመስለኝም። የበርበሬው ቫይረስ ቁጥር ድንገት ከወደቀ ወይ ዝናቡ አቅጥኖታል ወይ ላብራቶሪው ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ኮሮና ቀነሰ ብላችሁ ከማውራታችሁ በፊት እሱን አጣሩ።