የፍሬን ቡሎን እምቢ ሲል፦ እያየሁ የታከተኝ ስህተት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መኪናውን አስጎትቶ መጣ። የፊት ፍሬን ሸራ ሊቀይር ጠዋት ጀምሮ ሲመሽ አንድ ቡሎን፣ አንድ ቁልፍና አንድ የአየር ማስወጫ ኒፕል (ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር የሚለቀቅባት ትንሽ ቡሎን) ሰብሯል። «ጋሼ፣ ቡሎኑ እኮ ድንጋይ ሆኖብኝ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። እንደ ማንኛውም ያረጀ መኪና ቡሎን ዝጓል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለበትም። ጭንቅላቱ ግን እንደተመጠጠ ከረሜላ ክብ ሆኗል። እኔ ጋ ተሰብሮ የሚመጣው ቡሎን አብዛኛው የሚበላሸው ሰውየው ቁልፉን ባነሳ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የዚያች ደቂቃ ዕዳ መክፈያ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ከፊሉን ደግሞ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ።

ባገኙት ቁልፍ መጀመር

ቡሎኑ ስድስት ጎን አለው፤ ሶኬታችሁም ስድስት ጎን ይኑረው። ባለ 12 ጥግ ሶኬት ጥጎቹን ብቻ ነው የሚይዘው፣ በዝገት መጀመሪያ የሚያልቁት ደግሞ እነዚያው ጥጎች ናቸው። ሶኬቱን ከማስገባታችሁ በፊት ቡሎኑን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፤ ቅርፊቱ ካልተነሳ ሶኬቱ እስከ ግማሽ ገብቶ የገባ ይመስላችኋል። ተጠርጎ ሲያበቃ የ17ቱ ሶኬት ከሰፋው የ16ቱን በመዶሻ መትታችሁ አስገቡት። አፉ ክፍት በሆነ ቁልፍ የካሊፐር፣ ማለትም ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ቡሎን ሲታገል ያገኛችሁትን ሰው ሰላም ከማለታችሁ በፊት ቁልፉን ተቀበሉት።

ዘይት ረጭቶ ወዲያው መታገል

የሚረጭ ሞልቷል፤ የሚጠብቅ ነው የጠፋው። በቡሎኑና በገባበት ቀዳዳ ጥርስ መሃል ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚሳበው ቀስ እያለ ነው። ማታ ርጩ፣ ጠዋት ድገሙ፣ ከሰዓት ፍቱ። በየሱቁ በጣሳ ስለሚሸጠው የሚረጭ ዘይት፣ ስለ ደብሊውዲ-40፣ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ሁለቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ ውሃ ማባረሪያ ለማለት ነው፣ 40ው ደግሞ የተሳካው አርባኛው ቅመማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ ዓላማው ብረትን ከእርጥበት መጠበቅ ነበር። ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን ለዛገ ቡሎን ተብሎ የተሠራ ሰርጎ ገብ ዘይት ካገኛችሁ ያንን አስቀድሙ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለን የምንጠቀም መካኒኮችም አለን፤ አሴቶን ግን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላልና እሳት ልትጠቀሙ ባሰባችሁበት ቀን አትድረሱበት። የትኛውም ዘይት ዲስኩ ላይ ከደረሰ በፍሬን ማጽጃ እጠቡት። ሸራው ላይ ከደረሰ ሸራውን ጣሉት።

አቅጣጫ መሳት

አትሳቁ። የካሊፐሩን መያዣ የሚያስሩት ቡሎኖች ጭንቅላታቸው ከዲስኩ በስተጀርባ፣ ወደ መኪናው ሆድ ዞሮ ነው። እናንተ ደግሞ ከውጭ ተቀምጣችሁ እጃችሁን በዲስኩ ላይ አሻግራችሁ ነው የምትሠሩት፤ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቼ፣ ክብደቴን ጥዬበት፣ አንድ ቡሎን 20 ደቂቃ ሙሉ ሳጠብቅ ቆየሁ። በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ 50 ኪሎ ስትጭኑ የመጠምዘዣው ኃይል ወደ 490 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ያ ቡሎን በብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚጠብቀው በ100 አካባቢ ነው። በመጨረሻ ዞረልኝ። ደስ ብሎኝ ግማሽ ዙር ሄድኩበት፣ ከዚያ ቁልፉ ድንገት ቀለለና ጭንቅላቱ ሶኬቱ ውስጥ እንዳለ እጄ ላይ ቀረ። አለቃዬ ምንም አላለኝም። መሰርሰሪያውን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

አሁንም ቢሆን ጠባብ ቦታ ሲሆን የቡሎኑን ጭንቅላት ፊት ለፊት የማየው አድርጌ በዓይነ ሕሊናዬ እስላለሁ፣ በጣቴም አየር ላይ ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ከዚያ ነው ቁልፍ የማነሳው። ጥርሱ በተቃራኒው የተቆረጠ ቡሎንም እንዳለ አትርሱ፦ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተሠሩ የክራይስለር መኪኖች በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎቻቸው የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው።

ቡሎኑ የሚለውን አለመስማት

ይህን በጽሑፍ ማስተማር ይከብዳል፣ ግን ልሞክር። የሚፈታ ቡሎን «ቋ!» ይላል። አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ነው፤ ቁልፉ ትንሽ ይሄድና እንደገና ይይዛል፣ ከዚያ ሲዞር ሲጥ ሲጥ እያለ ነው። ሊበጠስ የተዘጋጀ ቡሎን ግን ዝም ይላል። ቁልፉ እንደ ሰም ለስላሳ ሆኖ ይሄድላችኋል፣ ጉልበት ሳትጨምሩ ይዞራል፣ እናንተም «እሰይ፣ እሺ አለ» ትላላችሁ። እሺ አላለም፤ እየተጠመዘዘ ነው። እዚያ ላይ አቁሙና ወደ ማጥበቂያው መልሱት። ዘይት ጨምሩ፣ ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ አራት አምስት ጊዜ ምቱት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ወደ መፍቻው፣ ግማሹን መልሳችሁ ወደ ማጥበቂያው፣ እንደገና ሩብ ዙር። ከጥርሱ የሚወጣው ዘይት ቀላ ብሎ ጭቃ ሲመስል ዝገቱ እየወጣ ነው። ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ከገፋችሁት ያ ጭቃ ፊት ለፊት ተከማችቶ መልሶ ይቆልፈዋል።

የአየር ማስወጫውን ኒፕል ለመጨረሻ ማቆየት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው ጎማውን ያወርዳል፣ ካሊፐሩን ይፈታል፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ያስገባል፣ ሁሉን አጥብቆ እጁን ጠርጎ ሲያበቃ «አሁን አየሯን ላስወጣ» ብሎ ቁልፉን ኒፕሏ ላይ ያሳርፋል። ጥስ! አዲስ ዕቃ የገባለት፣ አየሩ የማይወጣለት መኪና ይዞ ይቀመጣል። በወር ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደማይ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሁሉም ደግሞ ያው አንድ ዓይነት ፊት ይዘው ነው የሚመጡት።

ኒፕሏ ምን እንደሆነች ተመልከቱ። ርዝመቷን ሙሉ የተቦረቦረች ናት፣ ከሥሯ ደግሞ በጎን ተበስታለች፤ ብረት ብላችሁ የምታምኑት ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው። የጎማ ቆቧ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፣ ውሃና ጭቃ ከላይም ከውስጥም ሲበላት ኖሯል። ይቺን በረጅም ቁልፍ መጎተት የደረቀ ሸምበቆ እንደመጠምዘዝ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከእሷ ነው። ዲስክና ሸራ ሳትገዙ ጎማውን አውርዱና ባለ ስድስት ጎን ሶኬት በአጭር እጀታ ግጠሙላት። ቀዳዳዋ ውስጥ ልክ የሚሆን የመሰርሰሪያ ጫፍ ብታስገቡ ግድግዳዋ ወደ ውስጥ እንዳይጨመቅ ይደግፋታል። ከላይ በትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ አድርጓት። መጀመሪያ ለጥቂት ያህል ወደ ማጥበቂያው ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ንቅንቅ ካለች መልሳችሁ ዝጉና ሥራችሁን ቀጥሉ። እምቢ ካለች ዘይት ቀብታችሁ ለነገ ተዉአት። ነገም እምቢ ካለች ካሊፐር መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፤ ይህን ማወቅ ያለባችሁ መኪናው ገና በእግሩ መሄድ ሲችል ነው።

ከተሰበረች ደግሞ ያንን ሾጣጣ የቡሎን ማውጫ አትክተቱባት። ሾጣጣው በገባ ቁጥር ቀጭኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ይበልጥ ያጣብቀዋል። ማውጫው ራሱ በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ብረት ነው፤ ውስጥ ከቀረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም። ካሊፐሩን ከመኪናው አውርዶ ቅሪቷ ላይ ዳዶ መበየድ የተሻለ ዕድል አለው፣ ሙቀቱም ይረዳል። ስትመልሱም ራሩላት። በብዙ መኪኖች ላይ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃታል፤ ያ ማለት በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ነው።

እሳት

ሙቀት ይሠራል። ጥቅሙ ግን ቡሎኑ የገባበትን ክፍል አሙቆ ማስፋቱ ስለሆነ እሳቱን ቡሎኑ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን አሳርፉ። በዝቅተኛ ግለት የሻማ ሰም ብታስነኩት ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሳባል። የካሊፐር ፒስተን፣ የፍሬን ቱቦና ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ጎማ ባሉበት አካባቢ ግን እሳት አይገባም። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 እና 155 ሊወርድ ይችላል። የአሮጌ መኪና ዘይት ደግሞ ውሃ ጠጥቷል።

ሌላው እኔ ራሴ ዘግይቼ ያወቅኩት ነው። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ክሎሪን አለበት። ያ ማጽጃ የተረጨበትን ብረት ብታግሉ ወይም ብትበይዱ ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ሊወጣ ይችላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተገደለበት ጋዝ ነው። ጣሳውን አንብቡ።

በክሪክ ብቻ ተማምኖ መታገል

አይሆንም። በቱቦ ስትጎትቱ መኪናው ይወዛወዛል፣ ክሪኩም ይንሸራተታል። መደገፊያ ብረት ከሥሩ ሳታቆሙ ረጅም ቁልፍ አታንሱ። የጎማውን ዳዶዎች ደግሞ ጎማው መሬት እንደነካ አላሏቸው።

በዲስኩ ቪቴ መናደድ

ብዙ የጃፓን መኪኖች ዲስኩን በአንድ ወይም በሁለት ባለመስቀል ቪቴ ያስሩታል። ተራ ካቻቪቴ እየተንሸራተተ መስቀሉን ይበላዋል። በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቪቴ ተጠቀሙ፤ ካልሆነም ጭንቅላቱን ሰርስሩት። ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ጎማውና ዳዶዎቹ ስለሆኑ ቪቴው ባይመለስም ችግር የለም። ከዚያ ዲስኩ ራሱ ካልወጣ በመዶሻ ከመደብደባችሁ በፊት ፊቱን እዩት፤ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትርፍ ቀዳዳዎች ካሉት ልክ የሚሆን ቡሎን፣ በብዛት 8 ሚሊሜትር፣ አስገብታችሁ እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል።

የቀጭኑን የዘይት ቧንቧ ዳዶ በተራ ቁልፍ መፍታት። ዳዶው ይበላል፣ ወይም ቧንቧው አብሮ ይጠመዘዛል። ለእሱ የተሠራ፣ ዳዶውን አቅፎ ቧንቧውን የሚያሳልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ቁልፍ አለ።

ካሊፐሩን በጎማ ቱቦው ማንጠልጠል። ሽቦ አለ።

ስትመልሱ

የተጎዳ ቡሎን አትመልሱ። አዲሱ ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ 10.9 የነበረበት ላይ 8.8 አይገባም። የመንሸራተቻ ፒኖቹን ተራ ግሪስ አትቀቡ፣ የፍሬን ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል፤ ለፍሬን የተሠራውን የሲሊኮን ግሪስ ተጠቀሙ። የፒን ቡሎኖቹ በብዙ መኪኖች የሚጠብቁት በ30 ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሆነ የመያዣውን ቡሎን ባጠበቃችሁበት ክንድ አትሂዱባቸው። ሁሉ አልቆ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ወለል ድረስ ይወርዳሉ፣ ፒስተኑ ገና ወደ ሸራው እየተጠጋ ስለሆነ ነው። ፔዳሉ ሳይጠነክር ማርሽ አስገብቶ ግድግዳ የገጨ ሰው አይቻለሁ፤ ቡሎኖቹን ግን አንድም ሳይሰብር ነበር የፈታቸው።