ጂንን ወደ አንጎል ሕዋስ ማድረስ፦ በጅማ ለሚጀምሩ ተመራማሪዎች
በጅማ የነርቭ ሳይንስ ጥናት ለመጀመር የሚነሡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁኝ መርፌው በአንጎል ውስጥ የት መግባት እንዳለበት ነው። እኔ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዘው የሚልኩትን ጂን ርዝመት እንዲደምሩ እመክራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ በከንቱ ሲሞቱ ካየኋቸው እንስሳት ብዙዎቹ የጠፉት በቀዶ ጥገናው ስሕተት ሳይሆን ከዚያ በፊት ሳይታሰብ በታለፈ ነገር ነው።

የነርቭ ሕዋስ ባዕድ ዲኤንኤን በቀላሉ አያስገባም። ስለዚህ የራሱ ጂኖች ወጥተውለት በምትካቸው የተመራማሪው ጂን የገባበት ቫይረስ በተሸካሚነት ያገለግላል። በጣም የተለመደው በ1965 በአዴኖቫይረስ ናሙናዎች ውስጥ ተቀላቅሎ የተገኘው አዴኖ አሶሲዬትድ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤኤቪ ሲሆን፣ ስፋቱ 25 ናኖ ሜትር ያህል ነው። የሚይዘው ግን 4.7 ኪሎ ቤዝ (አንድ ኪሎ ቤዝ አንድ ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ነው) አካባቢ ብቻ ስለሆነ ሒሳቡ አስቀድሞ መሠራት አለበት። ለምሳሌ ሕዋሱን ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገውን ቻናልሮዶፕሲን-2 ለመላክ ቢያስቡ፣ ለቫይረሱ ዲኤንኤ ሁለት ጫፎች 0.3፣ ሲናፕሲን ለተባለው ፕሮሞተር (ጂኑ በየትኛው ሕዋስ እንደሚሠራ ለሚወስነው ቅደም ተከተል) 0.5፣ ለጂኑ 0.9፣ አብሮት ለሚያበራው ፕሮቲን 0.7፣ ለማጠናከሪያውና ለማብቂያው ቅደም ተከተል 0.8 ይዘው ሲደምሩ 3.2 ስለሚመጣ ይበቃዎታል። በአንጻሩ በጂን አርትዖት የሚታወቀው ካስ9 በስፋት በሚሠራበት ዓይነቱ ብቻውን 4.1 ስለሚሆን፣ ጫፎቹና ፕሮሞተሩ ሲጨመሩበት ከልኩ ያልፋል። እንዲህ ሲያጋጥም ጂኑን ለሁለት ቫይረሶች ከማከፋፈል፣ አጠር ያለ ዓይነት ከመፈለግ ወይም 8 ኪሎ ቤዝ ያህል ወደሚይዘው ሌንቲቫይረስ ከመሄድ አንዱን ይምረጡ፤ ሌንቲቫይረስ ግን በሕዋሱ ጂኖም ውስጥ ራሱን የሚያስገባ በመሆኑ ከፍ ያለ የደኅንነት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የቫይረሱ ቅርፊት፣ ማለትም ጂኑን የሚሸፍነው የፕሮቲን ልባስ፣ ይመረጣል። ቁጥር 2 የተባለው በተወጋበት አካባቢ የመቆየት ጠባይ ሲኖረው፣ 5፣ 8 እና 9 ሰፋ አድርገው ይሠራጫሉ፤ ሬትሮ የተባለው ደግሞ ከነርቩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሕዋሱ አካል ወደ ኋላ ይጓዛል። በ2016 የቀረበውና በደም ሥር ተሰጥቶ ወደ አንጎል የሚሻገረው ፒኤችፒ-ቢ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር፤ ሆኖም በሲ57 ብላክ 6 አይጦች በሚገባ ሲሠራ በባልብ-ሲ አይጦች አልሠራም፤ ምክንያቱም ለመሻገር የሚጠቀምበት ላይ6ኤ የተባለ ፕሮቲን በሁለቱ ዘሮች አንድ ዓይነት አይደለም። ስለሆነም ከማዘዝዎ በፊት ወደ እንስሳት ቤቱ ሄደው ያሉት አይጦች የየትኛው ዘር እንደሆኑ ከመዝገቡ ያረጋግጡ።

ቅርፊቱ የሚገባበትን ሕዋስ ሲወስን፣ ፕሮሞተሩ ከገቡት መካከል በየትኞቹ ጂኑ እንደሚሠራ ይወስናል። ሲናፕሲን ለነርቭ ሕዋሳት፣ ካም ኪናዝ 2 በአንጎል ውጫዊ ንጣፍ (ኮርቴክስ) ውስጥ በዋናነት ለአነቃቂዎቹ የነርቭ ሕዋሳት፣ ጂኤፍኤፒ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳትን ለሚደግፉት አስትሮሳይቶች ይውላል።

ስለ ቅዝቃዜው በተለይ ላሳስብ እወዳለሁ። ቫይረሱ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ መብራትም ይጠፋል። አንድ የነሐሴ ሌሊት እንዲሁ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሞቆ ነበር፤ ጠዋት ግን ሁሉም ዳግመኛ ስለረጋ ሳናውቅ ተጠቀምንበት። ከአራት ሳምንት በኋላ የስድስት አይጦችን አንጎል ቆራርጠን ማይክሮስኮፕ ሥር ስናስቀምጥ ጂኑ መግባቱን የሚያሳይ አንድም አረንጓዴ የሚያበራ ሕዋስ አልነበረም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ እንደደረሰ በበረዶ ላይ አቅልጠን በ5 ማይክሮ ሊትር እንከፋፍለዋለን፤ አንዴ የቀለጠውም ተመልሶ አይረጋም። ውሃ በብርጭቆ አርግቶ ሳንቲም በላዩ ማስቀመጥ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ በረዶው መቅለጡ እርግጥ ነው፤ አለመስመጡ ግን ፍሪዘሩ በ80 ላይ ለመቆየቱ ማስረጃ ስለማይሆን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

እውነተኛውን ቫይረስ ከመንካትዎ በፊት በቀለም ይለማመዱ። 0.6 በመቶ አጋሮዝ፣ ማለትም በውሃ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ዱቄት፣ የአንጎልን ልስላሴ ስለሚመስል ጥሩ መለማመጃ ነው፤ በጅማ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ፈሳሹ ጥርት እስኪል ታግሠው ያማሱት። ሲረጋ መርፌውን አስገብተው 300 ናኖ ሊትር ቀለም በደቂቃ 50 ናኖ ሊትር ይልቀቁ። መርፌውን ወዲያው ካወጡት ቀለሙ ተከትሎት ሲወጣና በመንገዱ ላይ ሰማያዊ ክር ሲተው በዓይንዎ ያያሉ፤ 10 ደቂቃ ጠብቀው በዝግታ ቢያወጡት ግን በቦታው ክብ ሆኖ ይቀራል። በሕያው አንጎል ውስጥ ያ ክር ማለት ያላሰቡት የአንጎል ክፍል ጂኑን ተቀበለ ማለት ነው።

ወደ እንስሳው የሚኬደው የተቋሙ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ከፈቀደ በኋላ ብቻ ነው። ማደንዘዣው መያዙን የእግር ጣት ቆንጠጥ በማድረግ ያረጋግጡ፣ ሰውነቱን በ37 ዲግሪ ያሙቁ፣ ዓይኑን ቅባት ይቀቡ፣ የሕመም ማስታገሻም ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ይስጡ፤ ይህን የምለው ስለ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በሕመም ላይ ያለ እንስሳ የሚሰጠው ውጤትም የተዛባ ስለሚሆን ነው። ጭንቅላቱን አጽንቶ መርፌውን በልኬት በሚመራው ስቴሪዮታክሲክ መሣሪያ ላይ ካሰሩ በኋላ ብሬግማና ላምዳ የተባሉት የራስ ቅል መጋጠሚያዎች በከፍታ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይለያዩ ያስተካክሉ፤ ይህ ካልተስተካከለ ከአንጎል ካርታው (አትላስ) የተወሰደው ልኬት ሁሉ ይስታል።

የፈሰሰውን ቫይረስ በአልኮል ለማጽዳት አይሞክሩ፤ ኤኤቪ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል አስተማማኝ አይደለም። በዕለቱ የተበጠበጠ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይጠቀሙ።

የመጠኑ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብዙ ቫይረስ የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ከልክ ያለፈው ሕዋሱን ይጎዳዋል። በሚሊ ሊትር 10 ትሪሊዮን ቅንጣት ያለውን እንዳለ፣ አሥር ጊዜና መቶ ጊዜ አቅጥነው በጥቂት እንስሳት ላይ ያነጻጽሩ። ለማነጻጸሪያ የሚሆነው ቡድንም ጨው ውሃ ሳይሆን በቅርፊቱም በመጠኑም ያው ሆኖ አብሪውን ፕሮቲን ብቻ የያዘ ቫይረስ ይወጋ።

ኤኤቪ ጂኑን በሚገባ እስኪያሠራ ሦስት ሳምንት ያህል ይጠብቁ። ከዚያም በባሕርይ ፈተና ያለፈ እያንዳንዱ እንስሳ አንጎል ተቆርጦ መርፌው ያረፈበት ቦታ ይታይ። ከታሰበው ቦታ ውጪ ያበራ እንስሳ ከጥናቱ ይወጣል፤ የትኛው እንደሚወጣም የሚወሰነው የፈተናው ውጤት ከመከፈቱ በፊት፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ ቀን ተጽፎበት ነው።